መገጣጠሚያው የላላ ሰው ኑሮ



ከሁሉ አስቀድሜ፣ በእናንተ በታላላቆቼና በእኩዮቼ ፊት ቆሜ መናገር ሲገባኝ፣ ወንበር አስቀርቤ ተቀምጬ እናገር ዘንድ ስለ ፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህን ፈቃድ የለመንኩት ከትዕቢት ወይም ከስንፍና እንዳልሆነ የምናገረው ጉዳይ ራሱ ያስረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በአገራችን የሚሰጠው ትምህርት እየሰፋ መሄዱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከማሕፀን ጀምሮ ከሰው ጋር ተወልዶ ከሰው ጋር የሚያረጅ፣ ፊትን የማያገረጣ፣ ትኩሳት የማያመጣ፣ ሐኪምም ዳስሶ እብጠት የማያገኝበት፣ ይሁን እንጂ ባለቤቱን ከመኝታው እስከ ማዕዱ፣ ከሥራው እስከ ጸሎቱ ተከትሎ የማይለየው ደዌ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ደዌ በአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ላይ የሚደርስ የተፈጥሮ ጉድለት ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ አንዱ፣ እኔም የተወለድኩበት፣ ስለ እርሱ በጻፉት በሁለት ሐኪሞች ስም ኤለርስ ዳንሎስ ተብሎ ይጠራል።

ልናገር የመጣሁበት አሳብ አንድ ነው። ይህ ደዌ ያለበት ሰው ሕመሙን መሸከም ይለምዳል፤ የማይለምደው ነገር ቢኖር ሕመሙን ለማያየው ሰው ዘወትር ምስክር እየሆኑ የማስረዳቱን ድካም ነው፤ ይህንንም ድካም ከላዩ ሊያነሡለት የሚችሉት ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ አብረውት የሚኖሩት ዘመዶቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የእድሩ አባሎችና መምህራኑ ናቸው።

በሰው አካል ውስጥ ሥጋን ከአጥንት፣ አጥንትን ከአጥንት፣ ቆዳን ከሥሩ ካለው ሥጋ የሚያያይዝ፣ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚያጸና፣ አንጀትንና ማሕፀንን በየቦታቸው ደግፎ የሚይዝ ሕብረ ሕዋስ አለ። በአንድ ስፍራ የተወሰነ ስላልሆነ ልብን ወይም ጉበትን እንደምናሳይ እዚህ ጋ ነው ብለን በጣት ልንጠቁመው አንችልም። የዚህ አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ዋና መሠረቱ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሁሉ ሢሶ ያህሉ እርሱ ነው። አሠራሩንም ገመድ የሚገምድ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሦስት ረጃጅም ክሮች እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው አንድ ቀጭን ገመድ ይሆናሉ፤ ቀጫጭኖቹም ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ማሰሪያ እየገባላቸው፣ ብርቱውን ጅማት ያስገኛሉ። ከክሮቹ አንዱ ሲሠራ ቢጎድል ወይም ክሮቹን የሚያስተሳስረው ረቂቅ ሥራ ቢሳሳት፣ ገመዱ ሲያዩት ገመድ ነው፤ ጭነት በመጣበት ጊዜ ግን ከልኩ በላይ ይሳባል። በቀደመው ዘመን ረጅም የባሕር ጉዞ ያደርጉ የነበሩ መርከበኞች ፍራፍሬና አትክልት በማጣታቸው ድዳቸው ይደማ፣ የዳነው ቁስላቸውም እንደ ገና ይከፈት የነበረው፣ ሰውነት ያለ ቫይታሚን ሲ ጽኑ ኮላጅን ሊሠራ ስለማይችል ነው። የመርከበኞቹ ደዌ በሎሚና በብርቱካን ይድናል፤ የእኛ ግን በዘር የተጻፈ ስለ ሆነ ምግብ አይለውጠውም።

ነገሩ በጥንት ዘመንም ሳይታወቅ አልቀረም። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራጥስ እስኩቴስ ስለሚባሉት ዘላኖች ሲጽፍ፣ ሰውነታቸው ልል በመሆኑ ቀስት ለመሳብና ጦር ለመወርወር ስለሚቸገሩ ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውንና ወገባቸውን በእሳት ይተኩሱ እንደ ነበር ተናግሯል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በእናቴ በሁለቱም ትከሻዎች ላይ የነበረው የተኩስ ጠባሳ ትዝ አለኝ፤ በልጅነቷ ክንዷ እየወለቀ ቢያስቸግር በጋለ ብረት ተኩሰዋት ኖሯል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የአምስተርዳሙ ቀዳጅ ሐኪም ዮብ ፋን ሜከረን የደረቱን ቆዳ ስቦ እስከ አገጩ ያደርስ ስለ ነበረ አንድ ወጣት እስፓኛዊ ጽፎ ትቶልናል። ከዚያም በሞስኮ ቼርኖጉቦቭ እ.ኤ.አ. በ1892፣ በኮፐንሃገን ኤድቫርድ ኤለርስ በ1901፣ በፓሪስ አንሪ አሌክሳንድር ዳንሎስ በ1908 እያንዳንዳቸው ያዩትን አስታወቁ፤ የኋለኞቹን ሁለት ስሞች አጋጥሞ ለደዌው መጠሪያ እንዲሆን ያደረገው እንግሊዛዊው ፓርክስ ዌበር በ1936 ነው። የሩስያዊው ስም ከመጠሪያው መቅረቱ ፍርድ የጎደለው ይመስለኛል፤ መገጣጠሚያውንና ቆዳውን አንድ አድርጎ በማየት ከሁለቱ ቀድሟልና።

እ.ኤ.አ. በ2017 የልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንት ተሰብስበው ባወጡት ሥርዓት ደዌው በ13 ዓይነት ተከፍሏል። ከእነዚህ መካከል የደም ሥሮችን የሚያጠቃው ዓይነት እጅግ አስፈሪ ነው፤ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ወይም አንጀት በድንገት ሊቀደዱ ስለሚችሉ፣ በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገተኛ የውስጥ መድማት የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይነግር አይቅር። ከሁሉ በዝቶ የሚገኘውና የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው ግን መገጣጠሚያን ከመጠን በላይ የሚያላላው ነው። የሚደንቀው ነገር፣ የአብዛኞቹ ዓይነቶች መንሥኤ የሆነው የዘር ጉድለት በምርመራ ተለይቶ ሲታወቅ፣ የዚህ በብዛት የሚገኘው ዓይነት መንሥኤ ገና ያልተገኘ መሆኑ ነው። ስለዚህ በደም ምርመራ ወረቀት ላይ አይወጣም፤ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ፣ በዐይኑ ተመልክቶ፣ የቤተ ዘመዱንም ታሪክ ጠይቆ ይወስናል።

የመዳሰሱም ሥርዓት ቤይተን በተባለው ሐኪም ስም የሚጠራ ሲሆን ከ9 ነጥብ ይታሰባል። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትታጠፍ ከ90 ዲግሪ ካለፈች፣ አውራ ጣት ታጥፎ ክንድን ከነካ፣ ክርንና ጉልበት ከቀጥታው አልፈው ወደ ኋላ ከተቆለመሙ፣ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን መዳፎቹን መሬት ላይ ያሳረፈ ሰው ደግሞ ዘጠነኛውን ያገኛል። ለአካለ መጠን ደርሶ ዕድሜው 50 ያልሞላ ሰው 5 ካገኘ መገጣጠሚያው ልል ነው ይባላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ ልልነት ብቻውን ደዌ አይደለም። በእስክስታ ትከሻው እንደ ልቡ የሚታዘዝለት፣ ሰውነቱም ምንም የማያመው ብዙ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጸጋ ተሰጥቶታልና ደስ ይበለው። ደዌ የሚሆነው ልልነቱ ከዘወትር ሕመም፣ ከተደጋጋሚ ውልቃትና ወለምታ፣ ከቆዳውም መሳሳት ጋር ሲተባበር ነው።

አሁን ወደ ዕለታዊው ኑሮ ልመለስ፤ የመጣሁትም ስለዚህ ነውና።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዚህን ደዌ ስም አንድ ቀን ሳትሰማ አልፋለች። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን በአንድ እጅ ማንሣት ስለማይሆንላት አንጓዋን በነጠላ ቅዳጅ ጠምጥማ በሁለት እጇ ታነሣው ነበር፤ ሊጡን በምጣዱ ላይ ስታዞር አውራ ጣቷ ከቦታው ውልቅ ሲልባት፣ ሊጥ መቅጃዋን አስቀምጣ፣ በሌላው እጇ ጣቷን ጎተት አድርጋ ወደ ቦታው ከመለሰች በኋላ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ሳይ የሰው ሁሉ ጣት እንዲሁ የሚወጣና የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቿ አንዳንዶቹ ቁርጥማት ነው፣ ሌሎቹ ብርድ መቷት ነው፣ የቀሩትም ዐይነ ጥላ ነው ይሉ ነበር፤ ክፉ ያሰቡ ባይሆኑም፣ ለድግስ ሽንኩርት ለመክተፍ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ እርሷ ከእኩሌታው ላይ ቢላዋውን ስታኖር እርስ በርስ የሚተያዩት መተያየት ከሕመሟ ይልቅ ያሳምማት እንደ ነበር በኋላ ዘመን ነግራኛለች። ስለዚህም ከድግሱ ማግስት የሚያስተኛት መሆኑን እያወቀች ሽንኩርቱን እስከ መጨረሻው ትከትፍ ነበር።

እኔ ደግሞ በማስተማር ሥራ ስተዳደር ኖሬአለሁ። የመምህር ሥራ ለዚህ አካል የተመቸ ይመስላል፤ ሸክም የለበትም፣ ዶማ አይጨበጥበትም። ይሁን እንጂ እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ በሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው፣ የክንዱ አጥንት ራስ በትከሻው ጎድጓዳ ውስጥ ተረጋግቶ እንዲቆይ ጅማቶቹ ሥራቸውን ይሠሩለታል፤ ጅማቶቹ ሥራቸውን የማይሠሩለት ሰው ግን ያንን አጥንት በጡንቻው ብቻ ይዞ መቆየት ስላለበት፣ ሌላው ሰው ሳያውቀው የሚያደርገውን እርሱ እያወቀና እየደከመ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ከሰሌዳው እኩሌታ በላይ መጻፍን ተውኩ፤ ጠመኔውንም ጣቶቼ እንዳይታጠፉበት በጨርቅ አወፍረዋለሁ። ከፍ ያለ በርጩማ በክፍሉ ማዕዘን ማኖር የጀመርኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ይህ ደዌ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሲቆሙ ደማቸው ወደ እግራቸው ስለሚወርድ፣ ልብ ጉድለቱን ለመሙላት በ10 ደቂቃ ውስጥ ከቀድሞው አመታቱ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ጨምሮ ይመታል፤ ዐይን ይጨልማል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ አሳብም ይበተናል። ተቀመጥ ሲሉት የሚድን ነገር ነው፤ የሚቀመጥበት ሲያጣ ግን ይወድቃል።

በአገራችን ወዳጅ ወዳጁን ሲያገኝ ቀኝ እጁን ጨብጦ፣ ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ ትከሻውን ከትከሻው ጋር የሚያጋጥምበት ሰላምታ እጅግ የተወደደ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ያ መሳብና ያ መጋጨት አንድ ላይ ሲሆኑ ትከሻዬ ከጉድጓዱ ወጥቶ ይመለሳል፤ ለዐይን የማይታይ፣ ለጆሮ ግን ቀጭን ድምፅ ያለው ነገር ነው። ወዳጄ ፈገግ ብሎ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኛል፤ እኔም ፈገግ ብዬ እመልስለታለሁ፤ ግራ እጄ ግን ቀስ ብሎ ቀኝ ክንዴን ሊደግፍ ይሄዳል። ብዙ ዘመን እንዲህ ካደረግሁ በኋላ፣ ሰውን ሳላስቀይም ትከሻዬን የማድንበትን ዘዴ አገኘሁ፤ ገና ከሩቅ ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ እጁን በመካከላቸው እይዝና ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ። ትሑት ሰው የሚል ስም ከዚህ የተነሣ አግኝቻለሁ፤ ምክንያቱን ለምታውቁት ለእናንተ ግን ስሙ የማይገባኝ መሆኑን እነግራችኋለሁ።

ስለ ታክሲው መጣበብና ጉልበት አጥፎ በኋላ ወንበር ስለ መቀመጥ ብዙ አልናገርም፤ ጤነኛውም ሰው ያውቀዋልና። ሌሊቱ ግን ሊነገር ይገባዋል። እንቅልፍ ጡንቻን ያላላል፤ ቀን ሙሉ አጥንቱን በቦታው ይዞ የዋለው ጡንቻ ሲላላ የሚይዘው ስለማይኖር፣ ሰውየው በጎኑ ሲገለበጥ ትከሻው ወይም የዳሌው መገጣጠሚያ ይንሸራተትና ያነቃዋል። አንዱን ትራስ ከክንዱ ሥር፣ ሁለተኛውን ከጉልበቱ መካከል፣ ሌላውን ከጀርባው አድርጎ፣ ሁሉንም በየቦታው ለማኖር ብዙ ደክሞ ይተኛል። በማለዳ ሲነሣም ከሌሊቱ ዕረፍት አላገኘም፤ እርሱ ገና ሳይነሣ የደከመ ሰው መሆኑን ግን በሥራ ቦታ የሚጠብቁት ሰዎች አያውቁም።

ከዚህ ሁሉ የሚወለደው ነገር ልክን የማወቅ ግዴታ ነው። ይህ ሰው ማለዳ ተነሥቶ የቀኑን ሥራ ሲያስብ፣ ልብስ ማጠብና ገበያ መሄድ በአንድ ቀን እንደማይሆኑለት፣ ልቅሶ ቤት ከዋለ በማግስቱ እንደማይጽፍ፣ ለሠርግ ሊቆም ካሰበ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሊያርፍ እንደሚገባው ያውቃል፤ የዛሬው ሥራ ዋጋ ዛሬ ሳይሆን ነገና ከነገ ወዲያ ስለሚጠየቅ፣ አንድ ቀን ደህና ሆኖ ሲያመሽ ያዩት ሰዎች በማግስቱ ተኝቶ ሲያገኙት ሕመሙ እንደ ፈቃዱ የሚመጣና የሚሄድ ይመስላቸዋል። «ትናንት ደህና አልነበርክም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በቅን ልቡና የሚነሣ ነው፤ ነገር ግን ተኝቶ የሚሰማው ሰው ራሱን እንደ ተከሰሰ ይቈጥራል፤ ክስ ሲበዛበትም አንዱን ይመርጣል፤ ወይ እንደ እናቴ ሽንኩርቱን እስከ መጨረሻው ከትፎ ይተኛል፣ ወይም ከሰው መካከል መገኘቱን ይተዋል። ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ አገር ከእድርና ከማኅበር የተለየ ሰው ከሕይወት እኩሌታው ተለይቷልና።

በዚህ ረገድ በእድራችን የሆነውን ልንገራችሁ። ሞት በሚደርስበት ጊዜ ድንኳን መትከልና ወንበር ማመላለስ የአባሎች ሁሉ ተራ ነው፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። እኔ ብዙ ዘመን የድንኳኑን ምሰሶ ስይዝ ከኖርኩ በኋላ አንድ ቀን ክንዴ ተንጠልጥሎ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ መቀጫውን እየከፈልኩ መቅረት ጀመርኩ። ሰው መቀጫ ከፍሎ ሲቀር ገንዘቡን የተማመነ ይመስላል። በመጨረሻ ለእድሩ ዳኛ ጉዳዩን ከነሥሩ ገለጥኩላቸው፤ እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያው መዝገቡን አንተ ያዝልን፤ ጸሐፊያችን ዐይናቸው ደክሟል» አሉኝ። እነሆ ድንኳን በሚተከልበት ጊዜ እኔ ከሁሉ ቀድሜ ደርሼ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ፣ የመጣውንና የቀረውን፣ የገባውንና የወጣውን ዕቃ እጽፋለሁ። ከእድሩ የጠየቅሁት ምሕረት ቢመስለኝም የተሰጠኝ ሥራ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አላየሁም።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም አንዳንድ ነገር ልበል። እኛ ኢትዮጵያውያን ቆሞ መጸለይን ያከበርን ሕዝብ ነን፤ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው ተቆርጣ እስክትወድቅ ድረስ በጸሎት መቆማቸውን ገድላቸው ይነግረናል፤ ሥዕላቸውንም በየቤታችን እናያለን። በእንዲህ ያለ ትውፊት ያደገ ሰው በቅዳሴ መካከል ሲቀመጥ ከሰው ዐይን በፊት የገዛ ኅሊናው ይከስሰዋል። ይሁን እንጂ ያው ሥርዓት ድካምን የሚያውቅ ሥርዓት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ለሚያድሩት ሊቃውንት መቋሚያ ተሠርቶላቸዋል፣ ለድውያንም የጾሙ ሕግ ይቃለላል። የንስሓ አባቴን ስጠይቃቸው ስግደቱን ራስን በማዘንበል እንድተካው፣ ሲያደክመኝም ከዐምዱ ሥር እንድቀመጥ ፈቅደውልኛል። ስግደት በጾም ወራት ለብዙ ሰው አካልን ማጽኛ ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ለሚቆለመምበት፣ አንጓውም ክብደቱን ለማይሸከምለት ሰው የሚያተርፍለት ውልቃትን ነው። በሰሞነ ሕማማት ከዐምድ ሥር የተቀመጠ ወጣት ያየ ምእመን ይህን ቢያስብለት እወዳለሁ።

ስለ ወጌሻዎቻችን ደግሞ በአክብሮት እናገራለሁ። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር የስንቱን እጅና እግር ያቀኑ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የጣት ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የእናቴንም ክንድ ብዙ ጊዜ የመለሱት እነርሱ ነበሩ። ሆኖም ሙያቸው የተገነባው ጅማቱ ጽኑ በሆነ ሰው ላይ ነው። የተኮማተረውን ሥጋ በቅቤ አሽቶ ማፍታታት፣ የተዛነፈውን በኀይል ስቦ ማቃናት ለዚያ ሰው ሊረዳው ይችል ይሆናል፤ ከመጠን በላይ የላላውን መገጣጠሚያ ግን መሳብ ልልነቱን ያብስበታል፤ ያበጠውን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደሙን አግዶ እጅን ወይም እግርን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ይህም በአገራችን ሐኪም ቤቶች ብዙ ጊዜ የታየ መሆኑን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። ስለዚህ ወደ ወጌሻ የሚሄድ ሰው መገጣጠሚያው በትውልድ የላላ መሆኑን አስቀድሞ ይናገር፤ ወጌሻውም በትንሽ ነገር ደጋግሞ የሚወልቅበትን ሰው ባየ ጊዜ ወደ ሐኪም ቢልከው ለሙያው ክብር እንጂ ውርደት አይሆንበትም።

ሐኪሞቹንስ ምን እንላቸዋለን? በአሜሪካ ለሕክምና ተማሪዎች ከሚነገሩት ምክሮች አንዱ፣ የኮቴ ድምፅ ስትሰሙ ፈረስን አስቡ እንጂ የሜዳ አህያን አታስቡ የሚል ነው፤ ይኸውም በብዛት የሚገኘውን በሽታ አስቀድሙ ማለት ነው። ምክሩ ለብዙው በሽተኛ መልካም ነው፤ ብርቅ በሆነው ደዌ የተያዙት ግን ሁልጊዜ ፈረስ እየተባሉ ስለሚመለሱ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የዚህ ደዌ ሕሙማን የሜዳ አህያን ምልክታቸው አድርገዋታል። እኛ ዘንድ ደግሞ የሜዳ አህያ በተረት የሚነገር እንስሳ አይደለም፤ በነጭ ሳር መንጋው ይታያል፤ በአላይደጌ ሜዳ የሚገኘውም መስመሩ ደቀቅ ያለው ዓይነት ግሬቪ ተብሎ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ስም የተጠራው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአገራችን በተላከለት ስጦታ ምክንያት ነው። በነጭ ሳር ሜዳ ቆሞ ኮቴ የሚሰማ ሰው ዘወር ብሎ ማየት አይከብደውም። ከሐኪሞቻችን የምለምነውም ይህን ዘወር ብሎ ማየት ነው፤ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ሲመላለስ፣ «ምንም የለብህም» ከማለት በፊት አውራ ጣቱን ወደ ክንዱ ማጠፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፈውስ የሚሆን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። የሚረዳው ነገር ግን አለ፤ ጅማቱ የተወውን ሥራ ጡንቻ እንዲረከብ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት፣ በትንሽ ክብደት ቀስ ብሎ ለወራት ለዓመታትም መለማመድ ከሁሉ ይበልጣል። መሳሳብና መተጣጠፍ፣ ለሌላው ሰው የሚመከር ቢሆንም፣ ለእኛ አይመከርም። ሲቆም የሚያዞረው ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ውሃና ጨው በመጨመር፣ እግርንም ጠበቅ አድርጎ በሚይዝ ካልሲ ይረዳል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ይህን በራሱ ፈቃድ አያድርገው። ጥርሱን የሚያስነቅልም ሆነ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው፣ ማደንዘዣው በአንዳንዶቻችን ላይ እንደሚጠበቀው እንደማይሠራ፣ የተሰፋው ቁስልም ሰፊ ጠባሳ ትቶ ሊድን እንደሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገረው።

የቀረኝ ስለ ልጆች ነው። ይህ ደዌ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ዕድል እኩል በእኩል እንደ ሆነ ይታመናል፤ ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ ሴት ልጄ አልፏል። ልጄ በትምህርት ቤት ጣቶቿን ወደ ኋላ አጥፋ ለጓደኞቿ ታሳይ ነበር፤ ልጆቹም ደግሚው ይሏታል፤ እርሷም በደስታ ትደግመዋለች። አንድ መምህር ይህን ሲያይ እንዲስቅና እንዲያልፍ አልፈልግም፤ ያ ትርኢት በእያንዳንዱ ጊዜ መገጣጠሚያዋን ያደክማልና፣ ሰብሰብ አድርጎ ሌላ ነገር እንድታሳያቸው ቢያደርግ፣ ማታም ለወላጆቿ ቢነግር ታላቅ ውለታ ይሆናል። ጽሕፈቷ የማያምር፣ እጇ ቶሎ የሚደክም፣ በስፖርት ጊዜ ቁርጭምጭሚቷ የሚዞር ልጅ ስትገኝ፣ ሰነፍ ከመባሏ በፊት ወፍራም እርሳስ ይሰጣት፤ ለፈተናም ጥቂት ጊዜ ይጨመርላት። ሰልፍ ላይ ለባንዲራ መቆም ሲረዝምባት ከግድግዳው አጠገብ ትሰለፍ።

ትከሻው የወለቀበት ልጅ በፊታችሁ ቢገኝ ግን ክንዱን አትጎትቱት፣ ወደ ላይም አታንሡት፤ አስቀምጣችሁት ክንዱ ባለበት ሁኔታ በነጠላ ወይም በሻሽ ከደረቱ ጋር ደግፉለት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ አንድ አፍታ ሳትቆዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ዘወትር የሚወልቅበት ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ እንዴት ሲያደርጉለት እንደሚመለስለት ከማናችንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ልጁን ራሱን ጠይቁት።